ዮኬሬሽን ከራይት ጋር አወዳድሩልኝ

ደሴ፣ ረቡዕ ጥቅምት 12 ቀን 2018 ዓ.ም.

ትናንት ማታ አርሴናል አትሌቲኮ ማድሪድን 4 ለ 0 አሸነፈ፤ አዲሱ አጥቂው ቪክቶር ዮኬሬሽም በደቂቃዎች ልዩነት ሁለት አገባ። መስከረም 3 ቀን ኖቲንግሃም ፎረስት ላይ ካገባት ወዲህ ከጎል ተራርቆ ነበር። ጨዋታው ከምሽቱ 4 ሰዓት የሚጀምር ሆኖ እንኳ እኛ ሰፈር ያለው ዲኤስቲቪ ቤት ጢም ብሎ ሞልቷል። የጥቅምትን የደሴ ብርድ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ግማሹ ሰው ጋቢውን ተከናንቦ ነው የገባው። ሁለተኛዋ ስትገባ ጋቢው ሁሉ አየር ላይ ነበር።

ጩኸቱ ሳይበርድ ከኋላዬ የተቀመጠ አንድ ሰውዬ፣ «ሄንሪ ቢሆን ይቺን ጎል ብሎም አይቆጥራት» አለ፤ የድሮውን የአርሴናል አጥቂ ቲዬሪ ሄንሪን ማለቱ ነው። ተናዶ አይደለም። ደስ ብሎታል፤ ፊቱ ላይ ይነበባል። ግን ሳይላት ማደር አልቻለም። አጠገቡ የነበረ፣ ገና ተማሪ የሚመስል ልጅ ዞር ብሎ፣ «ጋሼ፣ እርስዎ ደግሞ ሁሌ ሄንሪ ሄንሪ! ጎል ጎል ነው እኮ፣ ወላሂ!» አለው። ከዚያ በኋላ ጨዋታውን ያየው ጥቂት ሰው ነው። ቤቱ ለሁለት ተከፈለ፤ ክርክሩ ከበር ወጥቶ በብርዱ ውስጥ እስከ መናፈሻ ድረስ በእግር ሄደ። እኔ ብዙም አልተናገርኩም። እቤት ገብቼ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ፤ ያልተናገርኩትን እዚህ ልጻፈው።

ነገሩ ከማሊያው ይጀምራል። አርሴናል ሐምሌ ላይ ዮኬሬሽን ከስፖርቲንግ ሊዝበን ሲያስፈርም 14 ቁጥርን ሰጠው። ከቲዬሪ ሄንሪ በኋላ ይህን ቁጥር ዋልኮት ለብሶታል፣ ኦባሚያንግ ለብሶታል፣ ንኬቲያም ለብሶታል። ይሁን እንጂ ደሴ ውስጥ 14 ማለት ሄንሪ ነው። ባጃጅ ጀርባ ላይ ተለጥፎ ፀሐይና ዝናብ ያነጣው 14 የማን እንደሆነ የሚጠይቅ ሰው አጋጥሞኝ አያውቅም። አዲሱ ሰውዬም ባዶ እጁን አልመጣም፤ በፖርቱጋል በሁለት የውድድር ዘመን 102 ጨዋታ ተጫውቶ 97 ጎል አግብቷል። እንዲህ ያለ ቁጥር የያዘ አጥቂ ያንን ማሊያ ሲለብስ ሰው ዝም ይላል ብሎ መጠበቅ አይቻልም።

ደግሞ አጋጣሚው ራሱ እሳቱን አራገበው። ነሐሴ 17፣ የፍልሰታ ጾም በተፈታ ማግስት፣ አርሴናል ሊድስን በሜዳው ኤምሬትስ ላይ 5 ለ 0 ሲያሸንፍ ዮኬሬሽ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ጎሎቹን አገባ። አንደኛዋ የ15 ዓመቱ ማክስ ዳውማን ያስገኛት ፍጹም ቅጣት ምት ነበረች። እድሜው የፈቀደለት ሁሉ ወዲያው ወደ ሚያዝያ 1996 ዓ.ም. ተመለሰ፤ የፋሲካ ሰሞን አርብ ምሽት፣ በድሮው ሜዳው ሃይበሪ ላይ፣ አርሴናል ሊድስን 5 ለ 0 ሲያደባየው ከአምስቱ አራቱን ያገባው ሄንሪ ነበር። ተጋጣሚው ያው፣ ውጤቱ ያው፣ ቁጥሩም ያው! ያን ዕለት ማታ «ሄንሪ ተመለሰ» ያላለ ሰው አልነበረም። ሳምንታት አለፉና ጎል ሲጠፋ ያው ሰው፣ በዚያው አፉ፣ «ሄንሪ ቢሆን ይቺን አይስታትም» ማለት ጀመረ። ዮኬሬሽ ሲሞገስም ሲወቀስም በሄንሪ ነው። በመካከሉ እሱን ራሱን፣ ሜዳ ላይ የሚሠራውን፣ ያየው ስንቱ ነው? ይኼ ነው የሚያንገበግበኝ።

ሄንሪ ራሱ እንዴት እንደጀመረ የሚያስታውስ ደግሞ ጥቂት ነው። በፈረንጆቹ ነሐሴ 1999 ከጁቬንቱስ ሲመጣ ከዓመት በፊት ከፈረንሳይ ጋር የዓለም ዋንጫ ያነሣ ልጅ ነበር፤ ሆኖም ጣሊያን ውስጥ በክንፍ በኩል ሲያጫውቱት ከርሞ ደብዝዟል። ወደ ሪያል ማድሪድ የሄደውን አኔልካን ይተካል ተብሎ ነው የመጣው። አሠልጣኙ አርሰን ቬንገር ወደ መሐል አስገብቶ አጥቂ ሊያደርገው ሲሞክር ጨዋታ በጨዋታ ላይ ተደራረበ፤ ጎል የለም። የመጀመሪያዋ የተገኘችው መስከረም 18 ቀን በፈረንጆቹ፣ ሳውዝሃምፕተን ላይ፣ ተቀይሮ ገብቶ ነው። በዚያው የውድድር ዘመን መጨረሻ 26 አድርሷል። አርሴናልን ለቆ፣ ኋላም በውሰት ተመልሶ ሲጨርስ 228። እኛ የምናወራው ስለ 228ቱ ነው። ያ ዓይን አፋር መስከረም ከትዝታችን ወጥቷል። ገና የበቀለን ቡቃያ ከጎተራ እህል ጋር መስፈር ይህ ነው።

ዴኒስ ቤርካምፕም እንዲሁ ነው። በፈረንጆቹ 1995 ከኢንተር ሚላን ወደ አርሴናል በ7.5 ሚሊዮን ፓውንድ መጥቶ ጎል እምቢ ሲለው የእንግሊዝ ጋዜጦች ተሳልቀውበታል። በመጨረሻ ሁለት አከታትሎ አገባ። በማን ላይ? ሳውዝሃምፕተን።

እስከዚህ ያለውን በክርክሩ ላይ የነበሩ ወጣቶችም ይሉታል፤ «ጊዜ ስጡት» ይላሉ። ሙሉ በሙሉ ግን አልስማማም፤ ያ የሄንሪ አፍቃሪ ሰውዬ አንድ እውነት ይዟል። ሄንሪ ሲመጣ ገና 21 ዓመቱ ነበር፤ አሠልጣኙ አፍርሶ ሊሠራው ይችል ነበር። ዮኬሬሽ ሲፈርም 27 ሞልቶታል። ስቶክሆልም ተወልዶ፣ ብራይተን ሊጉ ላይ አንድ ጨዋታ እንኳ ሳያሰልፈው ለሌሎች ክለቦች ሲያውሰው ኖሮ፣ ኮቨንትሪ በሁለተኛው እርከን ላይ ስሙን አውጥቶ፣ በፖርቱጋል ተሠርቶ ያለቀ ሰው ነው። አርሴናል የገዛው ዛሬ እንዲያገባ እንጂ ከአራት ዓመት በኋላ ሄንሪ እንዲሆን አይደለም። ከሄንሪ ጋር መመዘኑ የማይረባው ሄንሪ ስለሚበልጥ ብቻ ሳይሆን የሄዱበት መንገድ ስለማይገናኝ ነው።

ታዲያ ከማን ጋር? ከኢያን ራይት።

ራይት አርሴናል ሲገባ እሱም 27 ዓመቱ ነበር፤ በፈረንጆቹ 1991፣ ከክሪስታል ፓላስ፣ በ2.5 ሚሊዮን ፓውንድ። እሱም ከታች ነው የመጣው፤ ደህና ደህና ተጫዋቾች በ18 ዓመታቸው ሲፈርሙ እሱ ወደ 22 ሲጠጋ ነው ባለሙያ ተጫዋች የሆነው። ጨዋታውም ቢሆን ሄንሪ በግራ ክንፍ ወርዶ፣ ኳስ ይዞ፣ ተከላካይ አታሎ፣ ወደ ውስጥ ቆርጦ በቀኝ እግሩ ወደ ሩቁ ቋሚ የሚያስቀምጥ ሰው ነበር። ራይት ግን የጎሉ አፍ ላይ ነው የሚኖረው። ቆንጆም አስቀያሚም ጎል ያገባል፣ ተከላካይ ይጋፋል፣ ለአንዲት ለተፋች ኳስ ቀድሞ ይደርሳል። በ288 ጨዋታ 185 ጎል። በፈረንጆቹ 1997 መስከረም ላይ ቦልተን ላይ ሦስት አግብቶ ክሊፍ ባስቲን ለስንት ዘመን የያዘውን የ178 ጎል ክብረ ወሰን ሰበረ። የሱን ደግሞ ሄንሪ በፈረንጆቹ 2005 ጥቅምት ስፓርታ ፕራግ ላይ ሰበረው። ሄንሪ የሚባለው ከፍታ የቆመው በራይት ትከሻ ላይ ነው።

እውነቱን ለመናገር በአጀማመር ከሆነ ራይትም ዮኬሬሽን ይበልጠዋል። በመጀመሪያ የሊግ ጨዋታው ሀትሪክ ሠርቷል፤ ሦስት ጎል አግብቷል። ተጋጣሚው ማን እንደነበር ስጽፍ እጄን በአፌ አስይዞኛል፤ ሳውዝሃምፕተን! ራይት፣ ቤርካምፕ፣ ሄንሪ፤ ሦስቱም ለአርሴናል የመጀመሪያ የሊግ ጎላቸውን ያገቡት በአንድ ክለብ ላይ ነው። ሳውዝሃምፕተን ባለፈው ዓመት ወርዶ ዘንድሮ ሊጉ ውስጥ የለም፤ ዮኬሬሽ በሊድስ ጀመረ።

ደሴ ላይ ራይትን የሚያነሣ ለምን እንደጠፋ ሳስበው መልሱ ግልጽ ነው። እሱ ለአርሴናል ሲፈርም እዚህ አገር ደርግ ከወደቀ ገና ወራት ነበር። ማን የእንግሊዝ ኳስ ያይ ነበር? በየት በኩል? የእኛ የአርሴናል ትዝታ የሚጀምረው ዲኤስቲቪ ቤቶች አግዳሚያቸውን ደርድረው፣ መስኮታቸውን በጆንያ ጋርደው በር ላይ ሳንቲም መቀበል ሲጀምሩ ነው። ያኔ ስክሪኑ ላይ የነበረው ሄንሪ ነው። 26 አሸንፎ፣ 12 አቻ ወጥቶ፣ አንድም ሳይሸነፍ ዋንጫ ያነሣውን ቡድን ነው በመጀመሪያ ዓይናችን ያየነው። ሰው በመጀመሪያ ያየውን መለኪያ ያደርጋል። የዲኤስቲቪ ቤት ሽማግሌዎች ሄንሪን የሙጥኝ ማለታቸው ከዚህ ነው የሚመጣው፤ ሲይዙት የያዙት የጉርምስናቸውን ምሽቶች ጭምር ነው። ስለዚህ ሲነኩባቸው ቢቆጡ አልፈርድባቸውም።

አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ በእኔ ላይ እንዲሁ ያደርግ ነበር። የእሱ ሰው መንግሥቱ ወርቁ ነው። ጥር 1954 ኢትዮጵያ አዲስ አበባ ላይ ግብፅን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካን ዋንጫ ስታነሣ የመጨረሻዋን ጎል ያገባው መንግሥቱ ነበር፤ አምበሉ ደግሞ ሉቺያኖ ቫሳሎ። አባቴ ያንን ጨዋታ በዓይኑ አላየም፤ ከአዲስ አበባ የመጡ ሰዎች ሲያወሩት የሰማ የደሴ ልጅ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ማንም አጥቂ አልበቃውም። ሄንሪን በቴሌቪዥን አሳየሁት። ዝም ብሎ ተመለከተና፣ «ደህና ልጅ ነው፤ መንግሥቱን ግን አላየህ» አለኝ። በጊዜው በጣም አናደደኝ። ትናንት ያ ተማሪ ልጅ በሰውዬው ላይ ሲቆጣ የራሴን ድምፅ ሰማሁ፤ ሰውዬው ሲመልስለት ደግሞ የአባቴን።

ልጆቹም የራሳቸው ችግር አለባቸው። ብዙዎቹ ሄንሪን የሚያውቁት ከፕሌይስቴሽን ቤት ነው፤ ፍጥነቱ በቁጥር ተጽፎለት፣ የማይደክም፣ የማይስት። ሥጋ ለብሶ ኳስ ሲስት አላዩትም። በፈረንጆቹ 2006 በሃይበሪ የመጨረሻ ጨዋታ ላይ ሀትሪክ ሠርቶ ተንበርክኮ ሣሩን ሲስም አላዩትም። በ2004 ዓ.ም. ገና በተከበረ በሁለተኛው ቀን፣ በውሰት ተመልሶ፣ ተቀይሮ ገብቶ አሁንም ያንኑ ሊድስን በአንዲት ጎል ሲያሸንፍ፣ ትልልቅ ሰዎች እዚህ ከተማ ውስጥ ተቃቅፈው ሲያለቅሱ አላዩም። ይህንን ሊነግራቸው የሚችለው ያ ሰውዬ ነው። ግን የሚነግራቸው በዮኬሬሽ ላይ እየወረወረ ስለሆነ አይሰሙትም። በፍቅር ቢተርክላቸው አግዳሚው ሁሉ ዝም ብሎ የሚያዳምጠው ይመስለኛል።

ወደ ትናንቶቹ ጎሎች ልመለስና፣ ሁለቱም ቆንጆ አልነበሩም። አንዷ ተጋፍታ፣ ተንሸራትታ የገባች ናት፤ ሌላዋን የማዕዘን ምት ሲሻገር ጎሉ አፍ ላይ ቆሞ ከቅርብ ነው የነካት። ሰውዬው የናቃት እሷን ነው። እኔ ግን ራይት እንደዚህ ያሉትን ስንቱን እንዳገባ አውቃለሁና ልቤ ሞላ። ጎል ባልነበረባቸው ሳምንታትም ዮኬሬሽ ሁለቱን የመሐል ተከላካዮች ይዞ እየጎተተ ወደ ጥግ ሲወስዳቸው፣ ሳካና ማርቲኔሊ በተከፈተው ቦታ ሲገቡ ዓይቻለሁ። ይህ በውጤት ሰሌዳ ላይ አይጻፍም። ኳስ ሲቀበል የመጀመሪያ ንኪው አንዳንዴ ይሸሸዋል፤ እሱን አልክድም፤ በትልልቆቹ ጨዋታዎች ላይ ሊጎዳን ይችላል ብዬ እሰጋለሁ። ሩጫውን ግን ቀንሶ አያውቅም። ጎል ያጣ አጥቂ መደበቅ ይጀምራል፤ እሱ አልተደበቀም።

እሁድ ከቀኑ 11 ሰዓት ከክሪስታል ፓላስ ጋር ነው፤ ራይት ከተገኘበት ክለብ ጋር። አዲሱ አማካያችን ኤዜም ነሐሴ ላይ ከዚያው ነው የመጣው። በ13 ዓመቱ አርሴናል አሰናብቶት የነበረ ልጅ ዛሬ የቤርካምፕን 10 ቁጥር ለብሶ የቀድሞ ክለቡን ይገጥማል፤ ስለዚህ አንዱ ተነሥቶ ቤርካምፕን መጥራቱ አይቀርም። እኔ የማየው ኤዜ ኳስ ይዞ ቀና ሲል ዮኬሬሽ ወዴት እንደሚሮጥ ነው። ቀድሜ ሄጄ ከፊት አግዳሚው ላይ ቦታ እይዛለሁ።