ቀይ ያልሆነ ቀይ

ፍልሰታ ከተፈታ ወዲህ ደብረ ማርቆስ ዝናቡን አላቆመም። ዛሬ መብራትም የለም። አልከፋኝም፣ ደስም አላለኝም። ካልሲዬን ሳወልቅ ቁርጭምጭሚቴ ላይ 7 ነጠብጣብ አየሁ። ሦስት ሦስት ሆነው ተጠጋግተዋል፣ አንዷ ለብቻዋ ቀርታለች። መሀላቸው ላይ መርፌ የወጋት የምትመስል ነጥብ አለች።

እንደ ሰው ዝም ብዬ ማከክ ነበረብኝ። እኔ ግን ስልኬን አወጣሁና «ቆዳ ላይ የሚወጣ ቀይ ነጠብጣብ» ብዬ ፈለግሁ። ከዚያ ወዲያ ምን እንቅልፍ አለ? ቁንጫ፣ ትኋን፣ እከክ፣ የመድኃኒት አለርጂ፣ ኩፍኝ እያለ እያለ ማጅራት ገትር ድረስ ይዞኝ ሄደ። ሙቀት ያወጣው ነው እንዳልል ያለሁት ከ2,400 ሜትር በላይ ነው፣ ያውም ጋቢ ደርቤ። አባይ በረሃ ብሆን እሺ። እከክ እንዳልል እሱ የጣት መሀል ይወዳል፣ ሌሊት ነው የሚብሰው፣ አንድ ቤት ከገባ ደግሞ ሁሉንም ነው የሚያዳርሰው፤ እኔ ጋ ያለችው ድመቷ ብቻ ናት። በብርጭቆ ተጭናችሁ እዩት የሚለውንም በሻይ ብርጭቆ ሞከርኩት። ሲጫኑት ካልጠፋ ደም ከቆዳ ስር ፈሷል ማለት ነው፣ ትኩሳት ከተጨመረበት ደግሞ ሳያድሩ ሐኪም ቤት ነው። የእኔ ጠፋ። የጠፋ መሰለኝ። ለነገሩ መጀመሪያስ መች በደንብ ታየና?

ስልኩ ላይ ያለው ፎቶ ሁሉ እኮ የፈረንጅ እግር ነው፣ በርበሬ የመሰለ። የእኔ ቀይ አይደለም። ጠይም ቆዳ ላይ መቅላት እንደዚያ አይታይም፤ ይጠቁራል፣ ወይ ወደ ወይን ጠጅ ይሄዳል። በዓይን ከማየት በእጅ መዳሰስ ይሻላል።

እህቴ ቀይ ናት። ልጅ ሆነን አንድ መደብ ላይ፣ አንድ ጋቢ ስር ነበር የምንተኛው፣ የሚበላንም ቁንጫ አንድ ነው። ጠዋት ግን የእሷ ቦግ ብሎ ይታያል። «ውይ ልጄን!» ይባላል፣ ፌጦ ይወቀጣል፣ ሎሚ ይፈለጋል። እኔም እግሬን ዘርግቼ እጠብቃለሁ። «አንቺ ደግሞ ምን ሆንሽ?» አንድ ቀን አያቴን «ሽፍታ ወጣብኝ» ብለው፣ ጠመንጃው ወደተሰቀለበት ቀና ብሎ «ስንት ናቸው?» አለኝ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔ አለቀስኩ።

ማታ ግን ኩራዙ ከጠፋ በኋላ እማዬ ትመጣለች። እግሬን በመዳፏ ከታች ወደ ላይ ትዳስሰዋለች። ያበጠችው ጋ ስትደርስ ጣቷ ይቆማል። ጠዋት የተረፈውን ፌጦ እዚያችው ላይ ትቀባኛለች። ያቃጥላል። እህቴ እንዳትሰማ ዝም እላለሁ፤ ይሄ የእኔ ብቻ ነዋ።

የእኔ ብቻ ነበር እንዴ? ለእሷም በጨለማ እየመጣች ትዳብሳት ይሆን? አሁን ልደውልና ልጠይቃት ብዬ ስልኩን አነሳሁ፣ መልሼ አስቀመጥኩት። ይህን ሁሉ ዓመት ቆይታ «አዎ፣ ለእኔም» ብትለኝስ? ትልቅ ሰው ነኝ እኮ፣ በቁንጫ ንክሻ እቀናለሁ!

ስጽፍ ሳክክ 9 ሆነዋል። ድመቷ ጋቢዬ ላይ ተኝታለች። እሷም እያከከች ነው።