ያረጀ ቅጠል

ቅዳሜ አመሻሽ ነው። ሙቀቱ ገና አልበረደም። ሽርጤን አገልድሜ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር፣ አጎቴ ግቢ፣ ከኒሙ ዛፍ ሥር ተቀምጫለሁ። እጄ ላይ አንድ ሲጋር አለ። ሲጋራ አይደለም፤ ሲጋር፣ ሙሉው ከትምባሆ ቅጠል የተጠቀለለ። ልዩነቱን ለእናቴ ለማስረዳት ሞክሬ ነበር። «ያው ጭስ ነው» ብላ ዘጋችው።

ሲጋሩ የአጎቴ ነበር። ኩባ አብሮት የተማረ ጓደኛው ከስፔን ሲመጣ ሁለት ፍሬ ይዞለት መጣ። አጎቴ ግን ልቡን ካመመው ወዲህ ሐኪም ጭስ ከልክሎታል። ስለዚህ ተስማማን፤ እኔ አጨሳለሁ፣ እሱ ከሩቅ ያሸታል። ሚስቱ ወንበሩን ሦስት ሜትር አርቃ ያስቀመጠችለት ራሷ ናት። (አጎቴን «አንተ» ነው የምለው። ድሬ ነው፤ አንቱታ የሚወጣው እንግዳ ሲመጣ ነው።)

አያቴ በሶማሊያ ጦርነት ነው የሞቱት። በ1970 ዓ.ም. ኩባውያን ወታደሮች እዚሁ ምሥራቅ ላይ ከእኛ ወገን ሆነው ሲዋጉ በነበረበት ጊዜ ማለት ነው። ከዚያ አጎቴም እንደ ብዙ የወታደር ልጆች ኩባ ተላከ፣ የወጣቶች ደሴት ወደምትባለው። ግማሽ ቀን ትምህርት፣ ግማሽ ቀን ግሬፕፍሩት ለቀማ። ኋላ ፒናር ዴል ሪዮ ገብቶ ግብርና አጠና። ስመ ጥሩ የኩባ ትምባሆ የሚበቅለው በዚሁ ክፍለ ሀገር፣ ቡዌልታ አባሆ በሚባለው አካባቢ ነው። ስለ ሲጋር የት እንደተማረ ስጠይቀው፣ «ዋሪያ፣ አወዳይ አድጎ ጫት የማያውቅ አለ?» አለኝ።

የመጀመሪያውን ሲጋር ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ቁም ሳጥን ላይ አስቀምጬ ሦስት ሳምንት ረሳሁት። በሰኔ። የድሬን ሰኔ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ሳወርደው እንደ ድርቆሽ ፍርፍር ተንኮሻኮሸ። ስለኩሰው ሽፋኑ ተሰነጠቀ፣ ጭሱ ጉሮሮዬን ለበለበኝ፣ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ነዶ አለቀ። አጎቴ አልተቆጣም። ዝም ብሎ ሁለተኛውን ከእጄ ወሰደው። እሱ ነው የባሰው።

ክዳን ባለው የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ከእርጥብ ስፖንጅ ጋር ከተተው፣ ሳይነካኩ። ሲጋር ከ65 እስከ 70 በመቶ እርጥበት ይወዳል። ሙቀቱ ከ25 ዲግሪ ሲያልፍ ደግሞ ቅጠሉ ውስጥ የተደበቀ የትምባሆ ነቀዝ ሊፈለፈልና ሊበሳሳው ይችላል። ድሬ ላይ 25 ዲግሪ ከየት ይመጣል? አጎቴ የሚቀርበውን አገኘ፤ ዕቃ ቤት፣ ከውሃ ጀሪካኖቹ ኋላ፣ ሲሚንቶው ላይ። በየሁለት ቀኑ እየገባ እንደ ታመመ ሰው ይጠይቀው ነበር። ወር ሲሞላው ጠራኝ።

ፓርታጋስ የሚባለው የኩባ ሲጋር ነው፣ ሴሪ ዲ ቁጥር 4። ስሙ ከ1845 ጀምሮ ያለ ነው አሉ በፈረንጅ አቆጣጠር። ቀይ ቀለበት አስሯል። ርዝመቱ 124 ሚሊ ሜትር፣ ውፍረቱ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል፤ ይህ መጠን ሮቡስቶ ይባላል። ዋጋውን አልጠየቅኩም። ብጠይቅ አላጨሰውም ነበር።

«መጀመሪያ ዳብሰው» አለኝ።

በሁለት ጣት ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀስ እያልኩ ጫን ጫን አደረግኩት። ጓል የመሰለ ነገር ካለው ጭሱ አይሳብም። ባዶ ቦታ ካለው ቶሎ ይነዳል። የኔው ልክ ነበር። ሽፋኑ ቅባት ቢጤ አለው፣ ጅማቱ ቀጭን ነው። ሳልለኩሰው አሸተትኩት። ኮርቻ። ፀሐይ የመታው አዲስ ኮርቻ።

ሳቄ መጣ። ይህንን ሥራ አውቀዋለሁ! ቀትር ላይ የአወዳይ ጫት ሲገባ የምናደርገው ይሄንኑ አይደል? የሙዝ ቅጠሉን ገለጥ አድርገን፣ ቀለሙን አይተን፣ ጫፉን ዳብሰን። ጥያቄው ግን ሌላ ነው። እኛ «የዛሬ ነው የትናንት?» እንላለን። የጫት ዋጋ በሰዓት ነው የሚወርደው፤ ሲጠወልግ የሚያነቃው ካቲኖን ይዳከማል። ያደረ ገራባ ፍየል ይበላዋል። ሲጋር ላይ ትኩስ ማለት ስድብ ነው። ቅጠሉ ተሰቅሎ ይደርቃል፣ ተከምሮ በራሱ ሙቀት ይብላላል፣ አሞኒያው ይወጣለታል፣ ከዚያ ታስሮ ዓመታት ይቀመጣል። ዕድሜዬን ሙሉ ያረጀ ቅጠል ስጥል ኖሬ፣ ሰው ለእርጅናው የሚከፍልበት ቅጠል እጄ ገባ።

በአንድ ነገር ግን ይገናኛሉ። ሲጋር ውስጥ አንዱ ለመንደድ፣ አንዱ ለሽታ፣ አንዱ ለጉልበት የሚገባ ቅጠል አለ። የጉልበቱ ሊሄሮ ይባላል። ከተክሉ አናት ላይ፣ ፀሐይ ከጠገበው ነው የሚለቀመው። ቀስ ብሎ ስለሚነድ መሃል ላይ ያደርጉታል። ጫትም ጉልበቱ ጫፉ ላይ ነው።

መቁረጫ የለንም። በአዲስ ምላጭ አፍ የሚገባውን ጫፍ ቆብ ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል ቀነጠስኩት። በክብሪት ለኮስኩ፤ የድኙ ሽታ እስኪያልፍ ጠብቄ፣ እሳቱን ሳላስነካ ጫፉን እያዞርኩ። ከደቻቱ ወንዝ በኩል ነፋስ ተነሳና በአንድ ጎኑ ብቻ መንደድ ጀመረ። «ተወው፣ ራሱ ይስተካከላል» አለ አጎቴ። ተስተካከለም።

ጭሱ አፍ ውስጥ ይዞር እና ይወጣል። ወደ ሳንባ አይወርድም። በደቂቃ አንዴ መሳብ በቂ ነው። መጀመሪያ ምላሴ ላይ ቁንዶ በርበሬ ቆጠቆጠኝ። ከዚያ ቡና፣ ምጣድ ላይ ሊያር ሲል ያለው ቡና። መሃሉ ላይ ለሰለሰ። ካካዋ፣ የጥድ ሳንቃ፣ እና የቅድሙ ኮርቻ ተመለሰ። ይሄኛው ክፍል ነው የወደድኩት፤ ሃያ ደቂቃ ያህል ማንም ባያናግረኝ ብዬ ተመኘሁ። አመዱ ነጣ ብሎ ሳይረግፍ ሦስት ሴንቲ ሜትር ቆመ።

«አሁን መሃሉን አለፍክ» አለ አጎቴ፣ ሳያየኝ። ዓይኑን ጨፍኖ ነበር።

የአጎቴ ሚስት የሐረር ቡና አፍልታ ነበር። አቦሉ ወፍራም፣ ቶናው ቀጠን፣ በረካው ውሃ። ሲጋሩ ተገላቢጦሽ ነው። ወደ ታች ሲሄድ ይብሳል፤ በረካው ላይ ግንባሬን መታኝ። ምሳ አልበላሁም ነበር። ላብ ላብ አለኝ፣ ኒሙ ዛፍ ትንሽ ዞረ። አጎቴ ስቆ ጣፋጩን ሙሸበክ አስመጣልኝ። ሁለት ቁራሽ እንደበላሁ ዓለም ቦታው ተመለሰ።

ወደ ሳንባ አይገባም ማለት አይጎዳም ማለት እንዳልሆነ አውቃለሁ። አፍ አለ፣ ጉሮሮ አለ። ምክንያቱ ደግሞ ፊት ለፊቴ ሦስት ሜትር ርቆ ተቀምጧል። ልማድ አላደርገውም።

ከ10 ሰባት ተኩል ሰጠሁት።

«ሁለት ተኩሉን የት አደረስከው?» ተቆጣ።

መጨረሻው መራራ ነበር አልኩት።

«ባዶ ሆድህን ሲጋሩ ላይ አታሳብብ፣ አቦ!»

ስምንት ተኩል አልኩ። አልረካም፣ ግን አለፈኝ።

የቀረውን ልተረኩሰው ስል እጁን አነሳ። ሲጋር አይተረኮስም፣ ራሱ ይጠፋል። መተርኮሻው ጠርዝ ላይ አጋደምኩት። ቀዩን ቀለበት ቅድም ሲሞቅ ፈትቼ ስኒው አጠገብ አስቀምጬው ነበር፤ ሳይጠይቀኝ አንስቶ ሸሚዝ ኪሱ ከተተው። ሚስቱ ረከቦቱን ይዛ ገባች። አጎቴ ወደ በሩ አየት አደረገና ወንበሩን ቀስ ብሎ አስጠጋ። ሌላ ትንሽ አስጠጋ።

«አሁንም አለው» አለ።