የአክስቴ ሶፋ ላይ

ዛሬ ከሌሊት ፈረቃ የወጣሁት ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አክስቴ ቤት ደርሼ ጫማዬን ሳላወልቅ ላፕቶፔን ከፈትኩ። አሜሪካ ውስጥ የሕክምና ተማሪዎች ለሬዚደንሲ፣ ማለትም ከምረቃ በኋላ ሆስፒታል እየሠራን ስፔሻሊቲ ለመማር፣ የምናመለክተው በኢንተርኔት ነው። ፕሮግራሞቹ ማመልከቻችንን ማየት የሚጀምሩት ሴፕቴምበር መጨረሻ፣ ልክ በመስቀል ሰሞን ነው። (ደመራውን ዘንድሮም በስልክ ነው የማየው።)

ያሁኑ ሥራዬ አዌይ ሮቴሽን ይባላል። ከራስሽ ትምህርት ቤት ወጥተሽ ሌላ ሆስፒታል አራት ሳምንት ትሠሪያለሽ። እኔ ግን የአራት ሳምንት ኢንተርቪው ነው የምለው። ስታዛጊ እንኳ ሰው ያየሽ ይመስልሻል። የምፈልገው ድንገተኛ ሕክምና ስለሆነ ደግሞ ስሎኢ የሚባል የምስክርነት ደብዳቤ አለ። የሆስፒታሉ ሐኪሞች ከሌሎች ተማሪዎች ጋር እያነጻጸሩን ነው የሚሞሉት። ስለዚህ ደክሞኛል ማለት የለም።

ማመልከቻው ላይ ልምዶቻችን ይጻፋሉ፤ እያንዳንዱ በየሣጥኑ። ሌሊት አንዲት እናት እጄን ይዘው «የኔ ልጅ፣ የማን ልጅ ነሽ?» ብለውኝ ነበር። አስተርጓሚው በስክሪን እስኪመጣ እጄን አልለቀቁም። እሱ የትኛው ሣጥን ውስጥ ነው የሚገባው?

አክስቴ ቁርስ ይዛ መጣች።

«ዶክተር ልትሆኚ አይደል እንዴ? ደግሞ የምን ማመልከቻ ነው?»

«ስፔሻሊቲ ለመማር ነው አክስቴ።»

«እስካሁንማ ምን ስትማሪ ነበር?»

መልስ አልነበረኝም። ዘጠነኛው ልምድ ላይ እንቅልፍ ጣለኝ። ስነቃ ጋቢ ደርባልኛለች፣ ላፕቶፑም ተዘግቷል። ሴቭ አድርጌው እንደሆነ ገና አላየሁም።