ደሴ ላይ ኤሲ ለምኔ

ሐምሌ ሲገባ እንዲህ ያደርገኛል። ጦሳ ጉሙን ተከናንቦ ይውላል፣ እኔም ያለ ምክንያት ሆድ ይብሰኛል። ዛሬም ስለዚያ ልጽፍ ነበር የተቀመጥኩት። ግን አያ ሰ. ጠዋት ኮሮላውን እያሞቀ፣ የፊት መስታወቱን ከውስጥ በጨርቅ እየጠረገ፣ «ይሄን ኤሲ አስፈትቼ ልሽጠው ነው፤ ደሴ ላይ ኤሲ ለምኔ!» ያላት ነገር ከጆሮዬ አልወጣ አለች።

ለዚያ ለጨርቁ ነዋ፣ አያ!

ኤሲ አየሩን ሲያቀዘቅዝ አብሮ ያደርቀዋል። የአራት ሰው ትንፋሽና የራሰ ጋቢ ያረጠበው አየር ዳሽቦርድ ሥር ባለው ቀዝቃዛ ኢቫፖሬተር ሲያልፍ ውሃው እዚያ ክንፎቹ ላይ ይቀራል፣ በቀጭን ቱቦ ወርዶ መኪናው ሥር ይንጠባጠባል። የደረቀው አየር ከዚያ በማሞቂያው በኩል ሞቆ መስታወቱን ይነፋል። ስለዚህ በዝናብ ኤሲውም ማሞቂያውም አንድ ላይ ይበራሉ፣ አየሩ ወደ መስታወት ይዞራል፣ መግቢያው ደግሞ ከውጭ ይሆናል። የውስጡን አየር ብቻ ካዞሩት ያው ትንፋሽ ነው ተመልሶ የሚመጣው። በጉም የሐረጎን ዳገት ወደ ኮምቦልቻ ለሚወርድ ሰው ይሄ የምቾት ጉዳይ አይደለም።

ደጋ ላይ ኤሲ የሚሞተውም «ለምኔ» እየተባለ ሳይበራ ስለሚከርም ነው። ጋዙን የሚገፋው የኮምፕሬሰሩ ዘንግ ላይ ያለው ማሸጊያ («ሲል» የሚሉት) የሚረጥበው ከጋዙ ጋር በሚዞረው ዘይት ነው። ሳይዞር ከርሞ ሲደርቅ ጋዙ በዚያ በኩል ይወጣል። ክረምት ከበጋ በየሳምንቱ አሥር ደቂቃ ማብራት ይበቃል። አፋር ቆላ፣ ሚሌ ሲወርዱ ብቻ የሚታወስ ኤሲ ሚሌ ላይ አይገኝም።

ከዚያ «ጋዝ ሙላልኝ» ይመጣል። ይቺ ቃል ታናድደኛለች። ጋዙ እንደ ቤንዚን ተቃጥሎ አያልቅም፤ ዝግ በሆነ መንገድ ነው የሚዞረው፣ ካነሰ ወጥቷል ማለት ነው። እርግጥ የሃያና የሠላሳ ዓመት መኪና የጎማ ቱቦው ራሱ ጥቂት ጥቂት ያስተነፍሳል፣ ዓመታት ቆይቶ ቢደክም አይገርምም። በወሩ ካለቀ ግን ቀዳዳ አለ። ቀዳዳ ሳይፈልጉ መሙላት ገንዘብን ወደ ሰማይ መልቀቅ ነው።

ቀዳዳውን ብዙ ጊዜ ዓይን ያገኘዋል። ጋዙ ሲወጣ ዘይት ይዞ ስለሚወጣ፣ አቧራ የተለጠፈበት ቅባታም ጥቁር ቦታ ይፈለጋል። የኮምፕሬሰሩ ፑሊ ዙሪያ፣ የቱቦ መጋጠሚያዎች፣ የጎማው ቱቦ ከአሉሚኒየሙ ጋር የተጠመደበት ቀለበት፣ ከመሙያው ክዳን ሥር ያለችው እንደ ጎማ ቫልቭ ያለች ትንሽ ቫልቭ። የሞቀውን ጋዝ የሚያበርደውን ኮንደንሰር ደግሞ ጠጠር ነው የሚገድለው፤ ከራዲያተሩ ፊት ተደቅኖ የኮረኮንቹን ሁሉ የሚቀበል እሱ ነው። በፈሳሽ ሳሙና አረፋ መቀባት ቀላሉ መንገድ ነው፣ ግን ውስጡ በቂ ግፊት ከሌለ አረፋው አይነሳም። ናይትሮጅን ከተገኘ እስከ 10 ባር ሰጥቶ ማሳደር ነው። ከብየዳ ቤት ኦክስጅን አምጥቶ መንፋት ግን በፍጹም! በግፊት ያለ ኦክስጅን ከዘይት ጋር ሲገናኝ ይፈነዳል። የጎሚስታ ኮምፕሬሰር አየርም እርጥበት ያስገባል፤ የብዙ መኪኖች የኤሲ ጋዝ አር-134ኤ ራሱ ከአየር ጋር ተደባልቆ በግፊት ሲያዝ ሊቀጣጠል ይችላል።

መስመሩ አንዴ ከተከፈተ ድራየሩ ይቀየራል። «ገና አዲስ ነው» አይሠራም። ውስጡ ያለው እርጥበት መጣጭ ከአየር ጋር እንደተገናኘ ሥራውን ይጨርሳል። ኦሪንጎቹም (የመጋጠሚያ የጎማ ቀለበቶቹ) ለ134ኤ የሚሆኑት፣ ብዙ ጊዜ አረንጓዴዎቹ፣ ዘይት ተቀብተው ይገባሉ፤ ደረቅ ኦሪንግ ሲጠብቅ ይጠቀለልና ይቆረጣል። ዘይቱን በግምት ማንቆርቆር ሌላው በሽታ ነው። ኮንደንሰር ለተቀየረበት ወደ 40 ሚሊ ሊትር፣ ለኢቫፖሬተር 40፣ ለድራየር ከ10 እስከ 20 ይጨመራል፤ ብዙዎቹ የጃፓኑ ዴንሶ ኮምፕሬሰሮች የሚጠቀሙት ፓግ 46 የሚባለውን ዘይት ነው። ሲበዛ የጋዙን ቦታ ይይዛል፣ ሲያንስ ኮምፕሬሰሩ ይነክሳል። ጣሳው ተከፍቶ ያደረ ዘይት ደግሞ ይጣል፣ እርጥበት ጠጥቷል። እርጥበት ምን ያደርጋል ለሚል፣ ፈሳሹን ወደ ኢቫፖሬተሩ የሚለቀው ኤክስፓንሽን ቫልቭ ጠባብ ቀዳዳ ላይ በረዶ ይሆንና መንገዱን ይዘጋል። ኤሲው ሩብ ሰዓት ያህል በደንብ ቀዝቅዞ ቀጥ ይላል፣ አጥፍተው ሲያሳርፉት መልሶ ይሠራል። «ኤሌክትሪክ ነው» ተብሎ ስንት ሽቦ የሚፈታው በዚህ ነው።

(ኤሌክትሪክ የሚሆንበትም ጊዜ አለ። ጠዋት ሠርቶ ቀትር ላይ የሚያቆም ከሆነ ኮምፕሬሰሩን ከፑሊው ጋር የሚያያይዘው የማግኔት ክላች ክፍተት ይለካ። በዴንሶዎቹ ከ0.35 እስከ 0.65 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት። ሲበላ ይሰፋል፣ ጥቅልሉ ሲግል ጉልበቱ ይቀንሳል፣ መሳብ ያቅተዋል። የክላቹን የፊት ሰሌዳ ፈትቶ ከሥሩ ያለችውን ቀጭን ቀለበት አንዷን ማውጣት ይበቃል። ለዚህ ኮምፕሬሰር የገዛ ሰው ስንቱ ነው።)

አሁን ወደ ቫኪዩሙ፣ ከመሙላት በፊት መስመሩን በፓምፕ ስቦ ባዶ ወደ ማድረጉ። ደሴ ላይ ትልቁ ጭቅጭቅ እዚህ ነው። ፓምፑ ሲሠራ ጌጁ ከዜሮ በታች ወደ 30 ኢንች መውረድ አለበት ይላል መጽሐፉ። መጽሐፉ የተጻፈው ባሕር ዳርቻ ለቆመ ሰው ነው። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የአየሩ ክብደት ራሱ 560 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ያህል ነው፣ በኢንች 22። ከ22 በታች የሚወርድበት ነገር የለም፤ ወርዶ ጨርሷል። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ስለሆነች 24 ላይ ይቆማል። ይህን ያላወቀ ሰው «ፓምፑ ደክሟል» ብሎ ሌላ ይገዛል፣ ወይም የሌለ ቀዳዳ ፍለጋ መኪናውን ይፈታል። ውሃ ደሴ ላይ 100 ሳይደርስ 92 ዲግሪ አካባቢ መፍላቱን ባቄላ የቀቀለች ሁሉ ታውቃለች፤ ነገሩ አንድ ነው።

የቫኪዩም ዓላማው ውስጥ የቀረውን እርጥበት በብርዱ ማፍላት ነው። ውሃ በ20 ዲግሪ እንዲፈላ ግፊቱ ወደ 17 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ መውረድ አለበት፣ በ10 ዲግሪ ጠዋት ግን ወደ 9። ስለዚህ የደሴን ጠዋት አትመኑት። ሞተሩን ትንሽ አስነስቶ ኮፈኑ ሥር ያለውን ማሞቅ፣ ወይም ቀትር መጠበቅ፣ ከዚያ ቢያንስ 45 ደቂቃ መሳብ ነው። ፓምፑ ሲጠፋ ቫልቮቹን ዘግቶ አሥራ አምስት ደቂቃ መጠበቅ አለ። ቀስቱ ትንሽ ተመልሶ ከቆመ እርጥበት ነው፣ ይሳብ ይቀጥል። ሳያቆም ወደ ዜሮ ከሄደ ቀዳዳ ነው፣ ወደ ሳሙናው እንመለስ።

መሙላቱ በሚዛን ነው። በሚዛን! ኮፈኑ ሥር የተለጠፈው ወረቀት ግራሙን ይናገራል፤ ትናንሽ መኪኖች ብዙ ጊዜ ከ500 እስከ 750 ግራም ነው የሚይዙት፣ ኋላ ሁለተኛ ኤሲ ያላቸው ሃይሴዎች ከዚያ በጣም ይበልጣሉ። 13.6 ኪሎ የሚይዘው ሲሊንደር ዲጂታል ሚዛን ላይ ይቀመጣል፣ ሚዛኑ ዜሮ ይደረጋል፣ በቱቦው ውስጥ ያለው አየር ይወጣል። ሞተር ጠፍቶ ሳለ በከፍተኛው ግፊት በኩል የሚገባው ይገባል። ከዚያ ያ ቫልቭ ተዘግቶ፣ ተዘግቶ ነው የምለው፣ ሞተር ይነሳል፤ የቀረው በዝቅተኛው በኩል ሲሊንደሩ ቀጥ ብሎ ቆሞ በእንፋሎት ይገባል። ከፍተኛው ቫልቭ ክፍት ሆኖ ሞተር ከተነሳ ኮምፕሬሰሩ ጋዙን ወደ ሲሊንደሩ መልሶ ይገፋና ያፈነዳዋል። ሲሊንደሩን ገልብጠው ፈሳሽ ቢያስገቡ ደግሞ የኮምፕሬሰሩ ቫልቮች ይሰበራሉ። በብርድ አልገባ ሲል ሲሊንደሩን ከ40 ዲግሪ በማይበልጥ፣ እጅ በሚችለው ውሃ ውስጥ ማቆም ነው። ምድጃ አጠገብ አይደለም።

ሚዛን ሚዛን የምለው ለዚህ ነው። መጽሐፉ ከፍተኛው ከ14 እስከ 16 ባር፣ ዝቅተኛው ከ1.5 እስከ 2.5 ባር ይሁን ይላል፤ ግን አየሩ ከ30 እስከ 35 ዲግሪ ሲሆን፣ ሞተሩ 1,500 ዙር ላይ፣ ንፋሱ መጨረሻው ላይ። ደሴ ላይ 30 ዲግሪ ከየት ይመጣል? በ18 ዲግሪ ንፋስ ኮንደንሰሩ ጋዙን ያለ ችግር ያቀዘቅዘዋል፣ ከፍተኛው 9 ወይም 10 ባር ላይ ይቀመጣል። ሞያተኛው «አልሞላም» ብሎ ይጨምራል። 100 ግራም፣ 150 ግራም። ኤሲው እዚህ አይከፋም፣ ባለመኪናው ደስ ብሎት ይሄዳል። ኮምቦልቻን አልፎ፣ ባቲን አልፎ፣ ሚሌ 500 ሜትር ገደማ ላይ በ40 ዲግሪ ሲደርስ ትርፉ ፈሳሽ የኮንደንሰሩን ግማሽ አካል ይተኛበታል። ጋዙ የሚበርድበት ቦታ ያጣል፣ ግፊቱ ይወጣል፣ ወደ 31 ባር ሲጠጋ የግፊት ማብሪያው ክላቹን ያላቅቀዋል። ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ። የሞተሩ ሙቀትም አብሮ ይወጣል። «ጋዙ አለቀ» ይባላል። ሌላ ሰው ይጨምርለታል!

ደሴ ላይ የግድ በጌጅ ማየት ካለበት ኮንደንሰሩን በካርቶን ከፊል ሸፍኖ ግፊቱን መጽሐፉ ወደሚለው ማቅረብ ይቻላል። እሱም ለማጣራት እንጂ ለመሙላት አይሆንም። ከፍታው ራሱ ጌጁን ሩብ ባር ያህል ከፍ ያደርገዋል፤ ለከፍተኛው ምንም አይደለም፣ ለዝቅተኛው ግን ልብ ማለት ያስፈልጋል።

የጋዙ ዓይነት ላይ ብዙ አልልም። እስከ 1990ዎቹ መጀመሪያ (በፈረንጆቹ) የተሠሩት አር-12 ነበራቸው፤ በ1987 የሞንትሪያል ስምምነት ከተፈረመ በኋላ ዓለም ወደ 134ኤ ዞረ። አር-12 የነበረው መኪና ወደ 134ኤ ሲቀየር የድሮው የማዕድን ዘይት ታጥቦ ይወጣል፣ ድራየሩና ኦሪንጉ ይቀየራል፣ ጋዙ ከድሮው መጠን ከ80 እስከ 90 በመቶ ብቻ ይገባል። የፍሪጅ ቤት አር-22 መሙላት ቱቦ ማስፈንዳት ነው። የምድጃ ጋዝ የሚሞሉትን ግን ምን ልበላቸው? በትክክል ያቀዘቅዛል፣ ችግሩ ይሄ ነው። ኢቫፖሬተሩ ሲቀደድ ጋዙ የሚገባው ሰው የተቀመጠበት ውስጥ ነው፣ ከዚያ አንዱ ሲጋራ ይለኩሳል።

ይሄን ሁሉ ካልኩ በኋላ ለባቲው ልጅ የምመልሰው የለኝም። ማታ መልእክት ልኮ «ስንት ግራም ላስገባ፣ ወላሂ ጨነቀኝ» አለኝ። ኮፈኑ ሲቀባ ወረቀቱ አብሮ ተቀብቷል፤ ኮንደንሰሩ ደግሞ የሌላ መኪና ነው፣ ከፍ ያለ። የፋብሪካው ቁጥር ቢገኝም አይሠራለትም። አብሽር ከማለት በቀር በስልክ የሚነገር ቁጥር የለም። እዚያው ሙቀቱ ላይ፣ በር ከፍቶ፣ 1,500 ዙር ላይ፣ ሃምሳ ሃምሳ ግራም እየጨመሩ የማያ መስታወቷ አረፋ እስኪጠፋ፣ ጌጁም 14 እስኪገባ መሄድ፣ እዚያ ማቆም፣ ድምሩን ኮፈኑ ላይ በቀለም መጻፍ ነው። የሚዛን ነገር ነው እንግዲህ፣ እሱ ደግሞ ሚዛን የለውም። እኔ አለኝ። ወደ ባቲ የሚወስደኝ መኪና የማገኘው ሰኞ ነው፣ ሰኞ ደግሞ የባቲ ገበያ። ከግመሉና ከፍየሉ መሐል ሚዛን ዘርግቼ ሰማያዊ ሲሊንደር ጭኜበት ብታዩኝ፣ አንዷ እናት መጥታ «ልጄ፣ ኪሎውን በስንት ትሰጠኛለህ?» ብትለኝ ምን ብዬ ልመልስላት ነው?