ደረሰኝ ፕሪንተሩ ለምን ይንቀራፈፋል?

"ደረሰኝ እየዘገየ ነው" ሲባል ሁለት የተለያዩ ችግሮች በአንድ ስም ይጠራሉ። አንደኛው ካሸሩ ሽያጩን ከዘጋ በኋላ ፕሪንተሩ ዝም ብሎ ይቆይና ድንገት በአንድ ትንፋሽ ማተሙ ነው። ሁለተኛው ወዲያው ይጀምርና ትንሽ አትሞ ሲቆም፣ እንደገና ሲነሳ፣ ወረቀቱ እየተንፏቀቀ መውጣቱ ነው። በመጀመሪያው ዳታው መንገድ ላይ አንድ ቦታ ታግቷል። በሁለተኛው ዳታው እየደረሰ ነው፣ ግን እየተንጠባጠበ። መፍትሔያቸው ስለማይገናኝ ሴቲንግ ከመነካካት በፊት በስልክ ሰዓት ሁለት ቁጥር መያዝ ያስፈልጋል፦ ሽያጩ ከተዘጋ እስከ መጀመሪያው መስመር ስንት ሴኮንድ፣ ከመጀመሪያው መስመር ወረቀቱ እስኪቆረጥ ስንት ሴኮንድ።

ቀጥሎ ፕሪንተሩን ብቻውን መፈተን ነው። አጥፍታችሁ የወረቀት መግፊያውን ቁልፍ ተጭናችሁ እንደያዛችሁ አብሩት። አብዛኞቹ ቴርማል (ወረቀቱን በማሞቅ የሚያትሙ) ፕሪንተሮች በዚህ መንገድ የራሳቸውን መፈተሻ ያትማሉ። ይህ ወረቀት ከኮምፒውተር የሚመጣ ምንም ነገር የለውም፤ ስለዚህ ቀልጠፍ ብሎ ከወጣ ማሽኑ ጤነኛ ነው፣ አዲስ ለመግዛት አትቸኩሉ። ወረቀቱንም አትጣሉት። የባውድ ሬቱ (በሲሪያል ኬብል ዳታ የሚተላለፍበት ፍጥነት)፣ የመገናኛው ዓይነትና ሌሎች ሴቲንጎች እዚያ ላይ ተጽፈዋል፣ በኋላ ታመሳክሩበታላችሁ።

መፈተሻው ራሱ ከተንፏቀቀ ግን ኔትወርክና ድራይቨር (ኮምፒውተሩ ፕሪንተሩን የሚያዝበት ፕሮግራም) ላይ ጊዜ አታባክኑ። መጀመሪያ አዳፕተሩን እዩ። ብዙዎቹ ባለ 80 ሚሊሜትር ፕሪንተሮች የሚሠሩት በ24 ቮልት ነው፤ ከሌላ ዕቃ የተወሰደ ወይም አምፒሩ ያነሰ አዳፕተር ተሰክቶ ሊሆን ይችላል። ከዚያ የሕትመት ድምቀቱን እዩ። ወረቀቱ ጥራት ሲያንሰውና ጽሑፉ ሲደበዝዝ ሰው ድምቀቱን እስከ ጫፍ ይጨምራል፤ የማተሚያው ራስ እያንዳንዱን ነጥብ ረዘም ላለ ጊዜ ማሞቅ ስላለበት ፍጥነቱ ይወርዳል። ጥቁር መደብ ላይ በነጭ የተጻፈ ርዕስም ያዘገያል፣ ብዙ ነጥብ በአንድ ጊዜ ማሞቅ ብዙ ኃይል ይፈልጋልና።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። በመንቀራፈፍ ችግር ውስጥ በጣም የሚዘነጋው ጽሑፍ እንደ ሥዕል መላኩ ነው። ሒሳቡን አብረን እንሥራው። ባለ 80 ሚሊሜትር ወረቀት ላይ የሚታተመው ስፋት ብዙውን ጊዜ 72 ሚሊሜትር ነው። በ203 ዲፒአይ፣ ማለትም በአንድ ሚሊሜትር 8 ነጥብ፣ ስፋቱ 576 ነጥብ ይሆናል። 8 ነጥብ አንድ ባይት ስለሆነ አንድ የነጥብ መስመር 72 ባይት ይፈጃል። ቁመቱ 200 ሚሊሜትር የሆነ ደረሰኝ 1,600 መስመር አለው፣ በድምሩ 115,200 ባይት። ያው ደረሰኝ በፊደል ቢላክ፣ 40 መስመር በ48 ፊደል፣ 1,920 ባይት ብቻ ነው።

ፕሪንተሩ በሲሪያል ኬብል በ9,600 ባውድ ከተገናኘ፣ አንድ ባይት ከመነሻና ከመጨረሻ ምልክቱ ጋር 10 ቢት ስለሚፈጅ፣ በሴኮንድ የሚያልፈው 960 ባይት ገደማ ነው። በፊደል የተላከው በ2 ሴኮንድ ያልቃል። በሥዕል የተላከው 2 ደቂቃ ይወስዳል! ካርቶኑ ላይ በሴኮንድ 200 ሚሊሜትር ያትማል ተብሎ ቢጻፍም ዳታው ካልደረሰው ቆሞ ከመጠበቅ ሌላ ምርጫ የለውም።

ሥዕል መሆኑን በዓይን መለየት ይቻላል። ደረሰኙን ከመፈተሻው ወረቀት አጠገብ አድርጋችሁ ቁጥሮቹንና የላቲን ፊደላቱን አስተያዩ። ቅርጻቸው አንድ ዓይነት ከሆነ፣ ሁሉም እኩል ስፋት ካላቸው፣ የፕሪንተሩ የራሱ ፎንት ነው። ኮምፒውተሩ ስክሪን ላይ የምታውቁትን ፎንት ከመሰለ ድራይቨሩ ሥዕል አድርጎ እየላከው ነው። እንዲህ ከሆነ በሽያጭ ፕሮግራሙ የደረሰኝ ዲዛይን ውስጥ ከፕሪንተሩ ጋር የመጣውን ፎንት ምረጡ፤ ይህ ብቻውን ችግሩን የሚጨርስበት ጊዜ ብዙ ነው።

በግዕዝ ፊደል ለሚታተም ደረሰኝ ግን ይህ መንገድ አብዛኛውን ጊዜ ዝግ ነው፤ የብዙዎቹ ፕሪንተሮች ውስጣዊ ፎንት ግዕዝን አያውቀውም። ሥዕል መላክ ግድ ከሆነ መንገዱን አስፉት። በዩኤስቢ ወይም በኔትወርክ ገመድ 115 ሺህ ባይት ምንም አይደለም። ሲሪያል ላይ መቆየት ካለባችሁ 115,200 ባውድ ላይ አድርጉት፤ ያ የ2 ደቂቃ ደረሰኝ ወደ 10 ሴኮንድ ይወርዳል። ለውጡ ፕሪንተሩም ኮምፒውተሩም ላይ መደረግ አለበት፣ ከዚያ ፕሪንተሩ ጠፍቶ ይብራ። ትርጉም የለሽ ምልክቶች ከታተሙ ሁለቱ አልተስማሙም። መሃል ላይ ፊደላት ከጎደሉ ደግሞ የፍሰት መቆጣጠሪያው (ፕሪንተሩ ዳታ ሲበዛበት ኮምፒውተሩን ቆይ የሚልበት ሴቲንግ) አልተጣጣመም ማለት ነው፤ ሁለቱንም ጎን አንድ ዓይነት አድርጉት። ሎጎውን ከደረሰኙ ጋር በየጊዜው ከመላክ ፕሪንተሩ ሚሞሪ ውስጥ አስቀምጡት። 200 ነጥብ ቁመት ያለው ሙሉ ስፋት ሎጎ ብቻውን 14,400 ባይት ነው፣ በ9,600 ባውድ 15 ሴኮንድ።

ለመጀመሪያው ዓይነት፣ ዘግይቶ ለሚጀምረው፣ ከዊንዶውስ የፕሪንተር ሴቲንግ ውስጥ የሙከራ ገጽ አሳትሙ። እሱ ወዲያው ከወጣ አጋቹ የሽያጭ ፕሮግራሙ ነው፦ የዳታቤዝ ምላሽ፣ የካርድ ክፍያ ማረጋገጫ ወይም ከሰርቨር የሚመጣ ቁጥር እየጠበቀ ይሆናል። ፕሮግራሙ ሎግ (የሠራውን ከነሰዓቱ የሚመዘግብበት ፋይል) ካለው የሰዓቱን ክፍተት ተመልከቱ፤ የት እንደቆመ ይነግራችኋል።

የሙከራ ገጹም ከዘገየ ፖርቱን እዩ። በኔትወርክ የተገናኘ ፕሪንተር ቋሚ አይፒ አድራሻ ይኑረው፣ ዊንዶውስ በራሱ ፈልጎ በፈጠረው ፖርት ፈንታ በቲሲፒ/አይፒ ፖርት፣ ቁጥር 9100፣ ይገናኝ። እዚያው የፖርት ሴቲንግ ውስጥ የኤስኤንኤምፒ (ዊንዶውስ የፕሪንተሩን ሁኔታ የሚጠይቅበት) ምልክት አለ፤ ፕሪንተሩ ይህን የማይመልስ ከሆነ ዊንዶውስ መልስ ሲጠብቅ ይቆያል፣ ምልክቱን አንሱት። ሁለት ካሸሮች አንድ ፕሪንተር የሚጋሩ ከሆነ ደግሞ ብዙ ፕሪንተሮች በ9100 በአንድ ጊዜ የሚያስተናግዱት አንድ ግንኙነት ብቻ መሆኑን አስቡ። አንዱ ፕሮግራም አትሞ ሲጨርስ ግንኙነቱን ካልዘጋ ሌላው ደጅ ይጠናል።

ከቆይታ በኋላ የመጀመሪያው ደረሰኝ ብቻ ዘግይቶ ተከታዮቹ ፈጣን ከሆኑ ጉዳዩ እንቅልፍ ነው። ዊንዶውስ የዩኤስቢ ፖርትን ወይም የዋይፋይ ካርዱን ኃይል ለመቆጠብ ያስተኛዋል፤ በፓወር ሴቲንግ ውስጥ ይህን አጥፉት። ወረፋው ላይ ተሰርዞ የማይሰረዝ ሥራ ካለ ደግሞ የስፑለር ሰርቪሱን (የዊንዶውስን የሕትመት ወረፋ የሚያስተዳድረውን) አቁማችሁ፣ በሲስተም32 ሥር ስፑል ውስጥ ያለውን የፕሪንተርስ ፎልደር ባዶ አድርጋችሁ መልሳችሁ አስነሱት።

በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ለውጡና ያንኑ ደረሰኝ፣ ያንኑ የዕቃ ብዛት ይዛችሁ እንደገና ለኩ። አንዴ አምስት ደረሰኝ በተከታታይ፣ አንዴ ደግሞ ፕሪንተሩ ግማሽ ሰዓት ያህል ሥራ ፈትቶ ከቆየ በኋላ።