ደብተሩ ይታያል፣ ስድቡ አይታይም

ሽሮ ሜዳ አካባቢ ባለ አንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት ግብረ ገብ አስተምራለሁ። ከማስተማሩ እኩል ጊዜዬን የሚወስደው ማስታረቅ ነው። ልጆቹ በኳስ ይጣላሉ፣ በምሳ ወረፋ ይጣላሉ። ሦስት ሆነው አንድ ዴስክ ላይ ለሚቀመጡ ልጆች ደግሞ ክርን መነካካት ብቻውን ለጠብ ይበቃል።

ይህኛው ግን የ4ኛ ክፍል ሁለት ወንዶች ጉዳይ ነው። አንዱ የሌላውን የሒሳብ ደብተር ቀደደው። ባለደብተሩ እያለቀሰ ወደ ዩኒት ሊደሩ ቢሮ ሄደ። እዚያ የሆነው በየትምህርት ቤቱ የሚሆነው ነው። «ማን ጀመረው?» ተባለ። የተቀደደው ደብተር ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። የቀደደው ልጅ ዝም አለ። በቃ፣ ጥፋተኛው ታወቀ። ተንበረከከ፣ ወላጅ አምጣ ተባለ፣ ከዚያ «በሉ አሁን ተቃቀፉ» ተባሉና ተቃቀፉ።

ከሰዓት ሲለቀቁ ግን ከግቢው በር ውጪ ድንጋይ ይዘው ተጠባበቁ። ደግነቱ ጥበቃው ቶሎ ደርሶ ለያያቸው።

በማግስቱ ለየብቻ አነጋገርኳቸው። የቀደደው ልጅ አሁንም አይናገርም። «ለምን?» ብለው የባሰ ይዘጋል። ስለዚህ «ትናንት ጠዋት ከቤት ከወጣህ ጀምረህ ንገረኝ» አልኩት። ስለ ቁርሱ ነገረኝ። ስለ መንገዱ ነገረኝ። ኳስ ሜዳው ላይ ሲደርስ ድምፁ ቀነሰ። ባለደብተሩ በአባቱ ሙያ ሰድቦታል። አባቱ ሸማኔ ነው። የሚጫወቱት ልጆችም ሳቁ። እሱ ምንም ሳይመልስ ወደ ክፍል ገባ፣ የልጁን ደብተር አገኘና ቀደደው።

ይህ ነገር አንጀቴን አሳረረው። በበዓል የምንለብሰው ነጠላና ቀሚስ ከእነዚህ ሰዎች እጅ ነው የሚወጣው። ልጁ ግን ሙያውን እንዲያፍርበት እየተደረገ ያድጋል። የተቀደደ ደብተር ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል፣ ሁሉም ያየዋል። ስድቡን ግን ይዞ የሚመጣበት መንገድ የለውም። «ማን ጀመረው?» ስንል የምናገኘው ብዙ ጊዜ የሚታየውን ጉዳት ያደረሰውን ልጅ ብቻ ነው።

በዚያው ሰሞን ክፍል ውስጥ «በእናንተ ዘንድ ሰው ሲጣላ ማን ያስታርቃል?» ብዬ ጠይቄ ነበር። አንዲት ልጅ ተነሥታ አባቷ ስለ ጋሞ ሽማግሌዎች የነገራትን አወራች። እኔም ሞላሁላት። በ2011 ዓ.ም. መስከረም፣ ቡራዩ ውስጥ ጋሞዎችን ጨምሮ ንጹሐን ሰዎች ከተገደሉ በኋላ፣ አርባ ምንጭ ላይ የተቆጡ ወጣቶች ለበቀል ወጥተው ነበር። የጋሞ አባቶች እርጥብ ሣር ይዘው ፊታቸው ተንበረከኩ። ሽማግሌ እርጥብ ሣር ይዞ ሲለምን ያንን አልፎ መሄድ በጋሞ ባህል ነውር ነው። ወጣቶቹ ተመለሱ።

አንድ ልጅ እጁን አወጣ። «ቲቸር፣ ምን አጥፍተው ነው የተንበረከኩት?»

ክፍሉ ዝም አለ። ልጆቹ መንበርከክን የሚያውቁት በቅጣት ብቻ ነው። ምንም አላጠፉም፣ ሌላ ሰው እንዳይጎዳ ብለው ነው ስላቸው ብዙዎቹ ግራ ተጋቡ። የክፍለ ጊዜው ቀሪ ሰዓት በዚህ ጥያቄ አለቀ። ከዚያ የተሻለ ትምህርት አስተምሬ አላውቅም።

ወደ ሁለቱ ልጆች ልመለስ። ከክፍላቸው ሁለቱም የሚያምኗቸውን ሁለት ልጆች ሽማግሌ አድርገው እንዲመርጡ አደረግሁ። አንዷ ያቺው የጋሞዎቹን ታሪክ ያወራችው ልጅ ሆነች። መጀመሪያ ቧንቧው ጋ ሄደው ፊታቸውን ታጠቡ፤ ልጅ በንዴት እየተንቀጠቀጠ ምንም አይሰማም። ከዚያ ተቀመጥን። አንዱ ሲያወራ ሌላው አያቋርጥም። «አንተ እንዲህ ነህ» ማለት የለም፣ «እኔ እንዲህ ሆንኩ» ብቻ። ከባዱ ሕግ የሚከተለው ነው፦ መልስ ከመስጠትህ በፊት ሌላው ያለውን ራሱ «አዎ፣ እንደዚያ ነው ያልኩት» እስኪል ድረስ ትደግማለህ።

ባለደብተሩ «አባቱን ስለሰደብኩት ተናደደ» አለ። ሌላው ራሱን ነቀነቀ። «አይደለም። ልጆች ስለሳቁ ነው።» ደግሞ ሞከረ። በሦስተኛው ነው የተሳካለት። ያኔ ፊቱ ሲቀየር አየሁ። የባለደብተሩ ተራ ሲደርስ ደግሞ ደብተሩን እናቱ በስንት ልመና እንደገዛችለት፣ ፈተና እንደደረሰና ሌላ ማጥኛ እንደሌለው ተናገረ። ቀዳጁ ይህን ሲደግም ቀና ብሎ ማየት አቃተው።

«ይቅርታ ተባባሉ» አላልኩም። ሽማግሌዋ ልጅ ነች «እና ምን ይሁን?» ያለችው። ቀዳጁ የተቀደዱትን ገጾች ራሱ ገልብጦ ሊሰጥ ተስማማ። ባለደብተሩ እዚያው ይቅርታ ሊል ሲል ያኛው አልተቀበለውም። «የተሰደብኩት ኳስ ሜዳ ላይ ነው፣ ልጆች ፊት» አለ። እውነቱን ነው። ሰው ፊት የወደቀ ክብር ቢሮ ውስጥ አይነሣም። በማግስቱ በእረፍት ሰዓት ባለደብተሩ እዚያው ሜዳ ላይ፣ የሳቁት ልጆች ባሉበት፣ ያለው ነገር ልክ እንዳልነበረ ተናገረ። ድምፁ በጣም ትንሽ ነበር፣ ግን ተናገረ።

ጓደኛ አልሆኑም። አንድ ቡድን ውስጥም አይጫወቱም። ድንጋይ ግን የሚይዝ የለም፣ ለእኔ ይህ ይበቃኛል።

አንድ ነገር ግን በጥብቅ እናገራለሁ። ሁሉም ጠብ ለልጆች ሽምግልና አይሰጥም። ትልቁ ትንሹን እየጠበቀ በየቀኑ የሚመታው ከሆነ፣ ገንዘቡን የሚቀማው ከሆነ፣ ወይም ሴት ልጅ እየተተነኮሰች ከሆነ፣ ያ አለመግባባት አይደለም፣ ጥቃት ነው። ተጠቂውን ከአጥቂው ጋር አስቀምጦ «ተነጋገሩ» ማለት ሁለተኛ ጉዳት ነው። እዚያ ላይ መግባት ያለብን እኛ ትልልቆቹ ነን።

አሁን ከልጆቹ ይልቅ ወላጆች ላይ ነው የምለፋው። «ተመትተህ እንዳትመጣብኝ!» ተብሎ ከቤት የሚወጣ ልጅ ብዙ ነው። ፍርሃታቸው ይገባኛል፤ ልጃቸው የማንም መጫወቻ እንዳይሆን ነው። ለወላጅ ስብሰባ ሲመጡ «ልጅዎ ዝም ብሎ ይመታ» አልላቸውም። የምጠይቃቸው ማታ ላይ «ማን መታህ?» ከማለታቸው በፊት «ዛሬ እንዴት ዋልክ?» እንዲሉና እስኪጨርስ እንዳያቋርጡት ነው። አንዲት እናት ሞክራ «ቲቸር፣ ለካ ልጄ ወሬ ይችላል!» አለችኝ። ቀጣዩ ስብሰባ ላይ እሷ ራሷ ለሌሎቹ እንድትነግራቸው ለምኛታለሁ።