ቤቱ ሞቀ ማለት ቴርሞስታቱ በትክክል ተገጠመ ማለት አይደለም

አገር ቤት ያሉ ወዳጆች «እዚያ ቤቱ ራሱ ይሞቃል አሉ፣ ታድላችሁ!» ይላሉ። አዎ ይሞቃል። በምን ያህል ሂሳብ እንደሚሞቅ የምትወስነው ግን ግድግዳ ላይ የተለጠፈችው ትንሽ ሳጥን፣ ቴርሞስታቷ ናት። አሜሪካ ውስጥ ሂት ፓምፕ (ከውጪ አየር ሙቀት ስቦ ቤት የሚያስገባ፣ በበጋ ደግሞ የሚያቀዘቅዝ ማሽን) ያለው ቤት የገባ ሐበሻ ሁሉ አንድ ቀን እሷን በራሱ እጅ መቀየር ያምረዋል።

መፍታትና ማሰሩ ከባድ አይደለም። ብሬከር አጥፉ፤ አንዱ የውስጡ አንዱ የውጪው ማሽን ስለሆነ ሁለቱንም። አሮጌውን ከመንቀላችሁ በፊት ፎቶ አንሱና እያንዳንዱ ሽቦ የገባበትን ፊደል ጽፋችሁ ለጥፉበት። ቀለም አትመኑ። ቀይ ለአር፣ ሰማያዊ ለሲ፣ ቢጫ ለዋይ፣ አረንጓዴ ለጂ፣ ብርቱካናማ ለኦ መሆኑ ልማድ ነው እንጂ ሕግ አይደለም። ፈረንጅ ሁሉን ነገር ምልክት ይለጥፍበታል፤ ሽቦው ሲያልቅበት ግን ያገኘውን ቀለም አስሮ ይሄዳል።

አገር ቤት መብራት የዘረጋ ሰው እዚህ ጋ ግር ይለዋል። እነዚህ ቀጫጭን ሽቦዎች ማሞቂያውን አያበሩም፤ የሚያስተላልፉት የ24 ቮልት ትእዛዝ ብቻ ነው። አር ኃይሉ፣ ሲ መመለሻው ነው። ዋይ ኮምፕረሰሩን፣ ማለትም ውጪ ያለውን ጋዝ የሚጨምቅ ሞተር ያስነሳል፣ ጂ ፋኑን፣ ኦ/ቢ ሙቀት የሚያመላልሰውን የዚያን ጋዝ አቅጣጫ የሚገለብጠውን ቫልቭ፣ ኦክስ ደግሞ ረዳቱን የኤሌክትሪክ ማሞቂያ። ሳጥኑን ስትከፍቱ በፕላስቲክ ቆብ የታሰሩ ወፋፍራም ሽቦዎች ካገኛችሁ ግን ያ 120 ወይም 240 ቮልት ነው፤ መልሳችሁ ዝጉት፣ ይህ ቴርሞስታት ለእሱ አይሆንም።

ብሬከር ሳይጠፋ አር ሲን ከነካ የውስጡ ማሽን መቆጣጠሪያ ቦርድ ላይ ያለችው የመኪና ዓይነት ፊውዝ፣ አብዛኛውን ጊዜ 3 ወይም 5 አምፒር፣ ትቃጠላለች። ስክሪኑ ይጨልማል፤ ሰውዬው «የተበላሸ ሸጡልኝ» ብሎ ዕቃውን ይዞ ወደ ሱቅ ይሮጣል። በቴስተር አር እና ሲን ለኩ፤ ከ24 እስከ 28 ቮልት ካልመጣ መጀመሪያ ፊውዟን እዩ። ፊውዝ የሌለው ቦርድ ከሆነ 24 ቮልቱን የሚሰጠው ትራንስፎርመር ነው የሚቃጠለው።

ሰው ፊት የሚያሳፍረው ኦ/ቢ ነው። ሙቀት ሲታዘዝ ቀዝቃዛ አየር ይነፋል፣ እንግዳ ካፖርቱን ሳያወልቅ ይቀመጣል። ባለሙያ ሲጠራ ካቻቪቴ እንኳ ሳያወጣ ሜኑ ውስጥ ገብቶ ኦ የነበረውን ቢ አድርጎ ሂሳቡን ተቀብሎ ይሄዳል። ብዙዎቹ ማሽኖች ቫልቩን የሚያነቁት ሲያቀዘቅዙ ነው፣ ያ ኦ ነው፤ እንደ ሪም እና ሩድ ያሉት ብራንዶች ሲያሞቁ ያነቁታል፣ ያ ቢ ነው። ስለዚህ የተገለበጠው ሽቦው ሳይሆን ምርጫው ነው። አንድ ወጥመድ ግን አለ፤ ትሬን በሚባለው ብራንድ አሮጌ ማሽኖች ላይ ቢ የተባለው ሽቦ ሲ ነው። ፊደሉን አይታችሁ አዲሱ ኦ/ቢ ውስጥ ከሰካችሁት ፊውዙን ሰነባበታችሁ።

ይህ ግን ቢያሳፍርም ወዲያው ይታወቃል። ኪስ የሚያራቁተው ድምፅ የሌለው ስህተት ነው። አዲሱ ቴርሞስታት ሲነሳ የማሞቂያውን ዓይነት ይጠይቃል። ሰው ሂት ፓምፕ ማለት ሲገባው የኤሌክትሪክ ፈርነስ (በኤሌክትሪክ ብቻ የሚያሞቅ ምድጃ) ብሎ ያልፋል፣ የኦክሱን ሽቦም የፈርነስ ትእዛዝ በሚወጣበት ደብልዩ1 ውስጥ ይሰካል። ቤቱ ይሞቃል፤ እንዲያውም ከድሮው ፈጥኖ ይሞቃል! ጎበዝ ተብሎ ይጨበጨብለታል። ውጪ ያለው ማሽን ግን ክረምቱን ሙሉ አልተነሳም፤ እየሠራ ያለው ረዳቱ ብቻ ነው። ሂት ፓምፕ ለ1 ኪሎዋት ኤሌክትሪክ ከ2 እስከ 3 ኪሎዋት ሙቀት ሲያስገባ ረዳቱ 1 ለ1 ነው። የወሩ ሂሳብ ሲመጣ ጭብጨባው ያበቃል።

ማረጋገጫው ቀላል ነው። ሙቀቱን ከክፍሉ 2 ዲግሪ ፋረንሃይት ብቻ ከፍ አድርጉና 5 ደቂቃ ያህል ታገሡ፤ ኮምፕረሰሩ ለራሱ ጥበቃ ይዘገያል። ከዚያ ወጥታችሁ የውጪውን ማሽን አድምጡ። ቤቱ እየሞቀ እሱ ዝም ካለ ችግር አለ። የሚነፋው አየር ለብ ያለ ብቻ መሆኑ አያስደንግጣችሁ፣ የሂት ፓምፕ ጠባይ ነው። በብርድ ቀን ደግሞ የውጪው ፋን ቆሞ ከማሽኑ እንፋሎት ሲነሳ «ተቃጠለ!» ብላችሁ የእሳት አደጋ እንዳትጠሩ፤ በረዶውን እያቀለጠ ነው፣ በደቂቃዎች ይመለሳል።

የኛም ነገር አለ። ከቤት ስንወጣ አጥፍተን፣ ስንመለስ በአንዴ 10 ዲግሪ ሰቅለን ቆጠብን እንላለን። ልዩነቱ ሲሰፋ ቴርሞስታቱ ረዳቱን ይጠራል፣ የተቆጠበው እዚያው ይበላል። ፈረንጁ በበኩሉ በረዶ እየጣለ ቤት ውስጥ በቁምጣ ይንጎራደዳል። ሁለታችንም ከመብራት ኃይሉ አናመልጥም፤ የሚሻለው አንድ ቦታ ላይ ተክሎ መተው ነው። ሽቦው የወጣበትን የግድግዳ ቀዳዳም በፑቲ ድፈኑት፣ ከጀርባው የሚገባው ብርድ ቴርሞስታቱን ያሳስተዋል።

ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ሆናችሁ ለመምጣት ያሰባችሁ፣ እጃችሁ እዚህም ያበላችኋል፤ ግን «220 ቮልት ስጫወትበት ኖሬያለሁ» ብቻውን አያስገባም። ጋዙን ለመንካት 608 የሚባለውን የፌዴራል ፈተና ማለፍ ግድ ነው፣ የክፍለ ግዛቱ ፈቃድ ደግሞ ለብቻው። ተከራይ ከሆናችሁ ባለቤቱን በጽሑፍ ሳታስፈቅዱ አትንኩ፣ አሮጌውን ቴርሞስታትም ከነብሎኑ አስቀምጡት፤ ስትለቁ ሊጠይቃችሁ ይችላል።